ማጣራት መጠርጠር ነውን? በአሜሪካ ቤት ሲገዛ ስለ ታይትል ካምፓኒና ስለ ታይትል ኢንሹራንስ



  በዛሬው ዝግጅታችን በአሜሪካ የምትኖሩ ቤተሰቦች ቤት ስትገዙ ስለሚገጥማችሁ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን።

ከጥቂት ወራት በፊት ከጁምዓ ሰላት በኋላ አንድ ወንድም ምክር ፈልጎ ቀረበኝ። ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ ባለቤቱ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ከወለድ ለመራቅ ብለው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከዘመድ ካገኙት ቀርድ ሐሰን ጋር ጨምረው አነስ ያለች ቤት በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት ተስማምተዋል። ሻጩ የምናውቀው፣ መስጂድ የሚመላለስ ሰው ነው። ይኸው ሻጭ፣ «ባንክ የሌለበት ሽያጭ ነው፤ ለታይትል ካምፓኒ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለልጆቻችሁ አውሉት። እኔ ዲዱን ፈርሜ እሰጣችኋለሁ፤ እናንተ ካውንቲ ወስዳችሁ ታስመዘግባላችሁ» አላቸው። ወንድማችንን ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበር። «ይጣራልኝ ብል ሙስሊም ወንድሜን መጠርጠር፣ ሱኡ ዘን አይሆንብኝም ወይ?» አለኝ።

ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ ከሥሩ እንየው።

አገር ቤት ቤት የገዛ ሰው የሚያውቀው መንገድ አለ። ሻጩ ካርታውን ያሳያል። ገዢው ክፍለ ከተማ ሄዶ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ያረጋግጣል። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል፤ ከዚያ ስመ ሀብቱ ወደ ገዢው ይዛወራል። ካርታው ላይ ስማችሁ ካለ መንግሥት ባለይዞታ ናችሁ ብሎ አውቋችኋል ማለት ነው። (ፎርጅድ ካርታ የሚባል ነገር መኖሩን አልዘነጋንም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።) ወደ አሜሪካ ስንመጣም ይህንኑ ልማድ ይዘን እንመጣለን። «ዲዱ ላይ ስሜ አለ» ካልን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ካርታ የለም። ዲድ ማለት ሻጩ «አስተላልፌያለሁ» ብሎ የፈረመበት ሰነድ ነው። የካውንቲው መዝገብ ቤት ይህን ሰነድ ተቀብሎ ይመዘግባል እንጂ የፈረመው ሰው የሚያስተላልፈው መብት በእርግጥ እንዳለው አይመረምርም፤ ዋስትናም አይሰጥም። ባለቤትነት የሚታወቀው ወደ ኋላ በመቁጠር ነው፦ ለእናንተ የሸጠው ከማን ገዛ? ያ ሰውስ ከማን አገኘ? ሐዲስ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ኢስናድ እንደምንለው ነው። የመጨረሻው አስተላላፊ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን መካከል ላይ አንድ ሰው ከጎደለ ሰንሰለቱ ተቆርጧል። የሐዲስ ሊቃውንት ያንን ሰንሰለት ሲመረምሩ የመጨረሻውን ሰው መስደባቸው አልነበረም።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በምንድን ነው? በሚራስ ጉዳይ የምናውቀው ምሳሌ አለ። አባት ይሞታል፤ አምስት ልጆች ይወርሳሉ፤ አራቱ ፈርመው ቤቱን ይሸጣሉ፤ አምስተኛው ሌላ ስቴት ወይም ሌላ አገር ስለነበር አልፈረመም። የእርሱ ድርሻ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ሌላው ዕዳ ነው። ያልተከፈለ የንብረት ግብር፣ ገንዘቡን ያላገኘ ጣሪያ ሠሪ ያስመዘገበው መያዣ፣ በቀድሞው ባለቤት ላይ የተፈረደ ዕዳ፣ ተከፍሎ ያለቀ ግን ከመዝገብ ያልተሰረዘ የባንክ መያዣ፣ እነዚህ ሁሉ ቤቱን እየተከተሉ ይሄዳሉ። የተጭበረበረ ፊርማም አለ። ባልቲሞር ውስጥ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ፦ ቤቱ የእናንተ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱም በየዓመቱ ጥቂት የመሬት ኪራይ ይከፈላል። የሜሪላንድ ስቴት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሕግ በመኖሪያ ቤቶች ላይ አዲስ የመሬት ኪራይ እንዳይፈጠር ከልክሏል፤ የድሮዎቹ ግን አሁንም አሉ። ቤቱን ሲያዩት ይህ ሁሉ አይታይም። ግድግዳ አይናገርም።

ታይትል ካምፓኒ የሚባለው ይህን ሰንሰለት የሚያነብ ድርጅት ነው። የካውንቲውን መዝገብ፣ የፍርድ ቤትና የግብር መዝገቦችን ይፈትሻል፤ የተገኘ ዕዳ ካለ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ እንዲከፈል ያደርጋል፤ ገንዘቡን ከገዢው ተቀብሎ በአደራ ይይዛል፤ ክሎዚንግ በሚባለው የፊርማ ቀን ሰነዶቹን አስፈርሞ ዲዱን ያስመዘግባል። ታይትል ኢንሹራንስ ደግሞ ከዚህ ፍተሻ ያመለጠ ጉድለት በኋላ ብቅ ቢል ጠበቃ አቁሞ የሚከራከር፣ ከተሸነፈም እስከ ተጻፈው የገንዘብ መጠን ድረስ የሚከፍል ውል ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ነገ ስለሚደርሰው ነው፤ ይህኛው በዋናነት ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ሆነው ነው። የሚከፈለውም አንድ ጊዜ፣ በክሎዚንግ ቀን ነው።

አመጣጡን ማወቁ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የፔንሲልቬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ክርክር ቀረበለት። ገዢው መዝገብ እንዲያጣራለት ባለሙያ ቀጥሮ ነበር። ባለሙያው በንብረቱ ላይ የነበረ የፍርድ ዕዳ አይቷል፤ ጠበቃ ጠይቆ «ይህ ንብረቱን አይነካም» ስለተባለ አለፈው፤ በመጨረሻ ገዢው ከሰረ። ፍርድ ቤቱ ባለሙያው የሚጠበቅበትን ጥንቃቄ አድርጓል ብሎ በነጻ አሰናበተው። እንግዲህ ማንም አላታለለም፣ ማንም አልሰረቀም፣ ገንዘቡ ግን ሄደ። ከዚህ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ የተቋቋመው።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተከሰተው የቤት ገበያ ቀውስ በኋላ ባንኮች በፎርክሎዠር የወሰዷቸውን ቤቶች በርካሽ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባንኮች ሁለት ቤቶችን የወሰዱበት ፎርክሎዠር ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ፤ ምክንያቱም ባንኮቹ በወቅቱ የቤቶቹ መያዣ ወደ እነርሱ መተላለፉን በሰነድ ማሳየት አልቻሉም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ባለ መንገድ የተወሰደ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ከባንክ የገዛን ሰው ጉዳይ አየ። ሰውየው ገንዘቡን ከፍሏል፤ ዲዱንም አስመዝግቧል። ፍርድ ቤቱ ግን ባንኩ ያልነበረውን ነገር ሊሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ ይህ ሰው ባለቤት አይደለም አለ። ሻጩ የታወቀ ትልቅ ባንክ ነበር። የሻጩ ስምና ክብር የሰንሰለቱን ክፍተት አልሞላውም።

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ይጣራልኝ ማለት ሻጩን መጠርጠር አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ሻጩ ራሱ የማያውቀው ጉድለት ሊኖር ይችላል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ዕዳን ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። ይህ ትዕዛዝ በሶሐባዎች ዘመን ሲወርድ በመካከላቸው አማና ጠፍቶ ነው የሚል የለም።

እንዲያውም በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ቤተሰብ ከሁሉም ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። በብድር የሚገዛ ሰው ሳይወድ በግዱ ይጠበቃል፤ አበዳሪው ታይትል ካልተጣራና ኢንሹራንስ ካልተገዛ ገንዘብ አይለቅም። በሙስሊም የቤት ፋይናንስ ድርጅቶች በኩል ሲገዛም የታይትል ኢንሹራንስ ከክሎዚንግ ወጪው ውስጥ ይገኛል። ከወለድ ሸሽቶ የራሱን ገንዘብ የሚያወጣውን ሰው ግን የሚያስገድደው የለም። ለሐላል ብሎ የደከመው ሰው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሻጩ የሚሰጠው ዲድ ዓይነትም መታየት አለበት። ኩዊት ክሌም የሚባለው ዲድ ትርጉሙ «በዚህ ቤት ላይ መብት ካለኝ ለቅቄላችኋለሁ» ነው፤ ካለኝ! መብት ከሌለው ያስተላለፈው ምንም ነው፤ ተጠያቂም አይሆንም። ዋራንቲ ዲድ የሚባለው ሻጩ ኃላፊነት የሚወስድበት ሲሆን እርሱ ይሻላል። ይሁን እንጂ ያ ቃል የሚያወጣው ሻጩ በዚያን ቀን በኪሱ ያለውን ያህል ነው። ሞቶ ወይም ከስሮ ቢሆንስ?

አሁን ደግሞ በብድርም ሆነ በፋይናንስ የምትገዙ ብዙ ጊዜ ስለምትሳሳቱበት ነገር ላንሳ። ፖሊሲው ሁለት ነው። አንዱ የአበዳሪው ነው፤ ሌላው የባለቤቱ ነው። የአበዳሪውን በአብዛኛው የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ የሚጠብቀው ግን አበዳሪውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ቤቱ 400,000 ዶላር ቢሆንና 80,000ው ከእናንተ፣ 320,000ው ከአበዳሪው ቢወጣ፣ ቤቱ በፍርድ ቢወሰድ አበዳሪው ያልተመለሰለትን ገንዘብ ከኢንሹራንሱ ያገኛል። የእናንተ 80,000 ግን የባለቤት ፖሊሲ ካልገዛችሁ የትም የለም። በወጪ ዝርዝሩ ላይ የባለቤቱ ፖሊሲ አጠገብ «በፈቃድ» የሚል ቃል ስለሚጻፍ ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚሰርዙት እርሱን ነው። ሁለቱ አብረው ሲገዙ የሁለተኛው ዋጋ በብዙ ቦታ በጣም እንደሚቀንስም እወቁ።

ኢንሹራንስ የሚለው ቃል ልባችሁን እንደሚከብደው አውቃለሁ። የንግድ ኢንሹራንስን በተመለከተ ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ገረር አለበት ብሎ ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን ፈቅዷል፤ በግዴታ የሚመጣውንና በምዕራቡ ዓለም የሚኖር ሙስሊም የሚገጥመውን በተመለከተ ግን ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን የአብዛኛው ክፍያ ሥራ ምን እንደሆነ አስረዱት፤ የመኪና ኢንሹራንስ እንዳይመስለው። የባለቤቱን ፖሊሲ አልገዛም ብላችሁ ብትወስኑ እንኳ ፍተሻውን አትተዉ። መዝገብ ማስፈተሽ የባለሙያ ጉልበት መግዛት ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለም።

እንግዲህ ካምፓኒው ራሱ ይታመናል ወይ? መልሱ «ይታመናል፣ እያነበቡ» የሚል ነው። ከክሎዚንግ በፊት ታይትል ኮሚትመንት የሚባል ሰነድ ይወጣል። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ በተለይ ሰንጠረዥ «ቢ» የሚለውን ክፍል አንብቡ። የመጀመሪያው ግማሽ ከመዘጋቱ በፊት መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ ይህ ዕዳ ይከፈል፣ የእገሌ ፊርማ ይምጣ። ሁለተኛው ግማሽ «እነዚህን አንሸፍንም» ይላል። ኤሌክትሪክ ኩባንያው በጓሮአችሁ የማለፍ መብት ካለው፣ ጎረቤት በመንገዳችሁ የሚሄድበት ውል ካለ፣ የመሬት ኪራይ ካለ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እዚያ የተጻፈውን ነገር ይዛችሁ በኋላ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ድንበሩም እንዲሁ ነው፤ ቅየሳ ካልተደረገ በአጥር ምክንያት የሚነሳ ክርክር ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። እናንተ እያወቃችሁ ለካምፓኒው ያልነገራችሁት ነገርም አይሸፈንም። የሚያፈስ ጣሪያማ ከነጭራሹ የእርሱ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ዋጋውም ሐቁን እንናገር። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ታይትል ኢንሹራንስ ሰጪዎች ከሚሰበስቡት ገንዘብ ለካሳ የሚያወጡት ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ እንደሆነ፣ አብዛኛው ወደ ወኪሎች እንደሚሄድ፣ ገዢውም ዋጋ ሳያወዳድር ኤጀንቱ ወደ መራው እንደሚሄድ ገልጿል። ካሳው ትንሽ የሆነው በከፊል ሥራው አስቀድሞ ማጣራት ስለሆነ ነው፤ ውድ ነው የሚለው ወቀሳ ግን መሠረት አለው። አይዋ ስቴት የግል ታይትል ኢንሹራንስ እንዳይሸጥ ከልክሎ ዋስትናውን በራሱ ተቋም በኩል ይሰጣል። ሚኒሶታ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሚኒያፖሊስን በያዘው በሄነፒን ካውንቲ ቶረንስ በሚባለው ሥርዓት የተመዘገቡ በርካታ ቤቶች ታገኛላችሁ፤ በዚህ ሥርዓት የባለቤትነት ምስክር ወረቀት ስለሚሰጥ ነገሩ ለአገራችን ካርታ ይቀርባል። ቴክሳስ ላይ የኢንሹራንሱን ዋጋ የሚወስነው ስቴቱ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚወዳደረው ሌላው የአገልግሎት ክፍያ ነው። በሌሎች ስቴቶች ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ። ሻጩ በቅርብ ዓመታት ፖሊሲ ገዝቶ ከነበረ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ።

መምረጥ መብታችሁ ነው። ሬስፓ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ በተለመደው የቤት ብድር በሚፈጸም ግዢ ሻጩ ገዢውን «ከዚህ ካምፓኒ ኢንሹራንስ ግዛ» ብሎ እንዳያስገድድ፣ ደንበኛ ላመጣ ሰው ጉርሻ እንዳይከፈልም ይከለክላል። በቨርጂኒያ ሕግም ክሎዚንጉን የሚያካሂደውን የሚመርጠው ገዢው ነው። «ኤጀንቴ ወንድማችን ነው፤ እርሱ ካለው ይበቃል» የሚሉ አሉ። ወንድምነቱ ይቆይልን። እርሱ የጠቆማችሁ ካምፓኒ የማን እንደሆነ፣ ፈቃድ እንዳለውና የትኛውን ትልቅ ኢንሹራንስ ሰጪ እንደሚወክል ግን ጠይቁ። የካምፓኒው ሠራተኛ በአደራ የያዘውን ገንዘብ ቢያጠፋስ? በብዙ ስቴቶች ኢንሹራንስ ሰጪው ለዚህ ኃላፊነት የሚወስድበት ክሎዚንግ ፕሮቴክሽን ሌተር የሚባል ደብዳቤ አለ፤ በአብዛኛው ለአበዳሪ ይሰጣል፤ ለእናንተም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን የምናገረውን ቤት ያላችሁ እህቶች ልጆቻችሁን ዝም አሰኝታችሁ ስሙኝ። በዚህ ዘመን ቤተሰብ ገንዘቡን በአንድ ቀን የሚያጣበት ዋና መንገድ በኢሜይል የሚመጣ ሌባ ነው። ሌባው የኤጀንቱን ወይም የታይትል ካምፓኒውን ኢሜይል ሰብሮ ይገባና ዝም ብሎ ያነባል። ስማችሁን፣ የቤቱን አድራሻ፣ የክሎዚንጉን ቀን፣ የገንዘቡን መጠን ያውቃል። ቀኑ ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ ገንዘቡን በዋየር ወደዚህ ላኩ» የሚል፣ ከእውነተኛው የማይለይ መልእክት ይልካል። ገንዘቡ ከተላከ ታይትል ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ የቤቱ ባለቤትነት ላይ የደረሰ ጉድለት አይደለምና። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ቢሮው በአካል ሄዳችሁ ወይም ራሳችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን ስልክ በወረቀት ጻፉ። ከመላካችሁ በፊት በዚያ ስልክ ደውሉ፤ በኢሜይሉ ላይ ባለው አትደውሉ፤ እርሱን የሚያነሳው ሌባው ነው። የሒሳብ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነብቡ። «ሒሳባችን ተቀየረ» የሚል መልእክት ከመጣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ውሸት ነው ብላችሁ ያዙት። አንዴ ከተላከ ደግሞ አታፍሩ፣ አትዘግዩም፤ ወዲያውኑ ለባንካችሁ ደውላችሁ ዋየሩ እንዲመለስ ጠይቁ፤ ለኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከልም አመልክቱ። በሰዓታት ውስጥ የደረሱ ሰዎች ገንዘባቸው የተመለሰበት ጊዜ አለ።

ፖሊሲው ከክሎዚንግ በኋላ ሳምንታት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ካልመጣ ደውላችሁ አምጡ በሉ። ከዲዱ ጋር አስቀምጡት፤ ጥበቃው ቤቱን ለሚወርሱ ልጆቻችሁም ስለሚተርፍ የት እንዳለ ንገሯቸው። ቤቱን በሂባ ለልጅ ወይም ለወንድም ስም ከማዛወራችሁ በፊት ደግሞ ፖሊሲው ከአዲሱ ስም ጋር ይቀጥል እንደሆነ ካምፓኒውን ጠይቁ።

ወንድማችን በመጨረሻ ለሻጩ፣ «አንተን አምንሃለሁ፤ ከአንተ በፊት የነበሩትን ግን አላውቃቸውም» አለው። ሻጩ ትንሽ ቅር ቢለውም ተስማማ። ፍተሻው ሲመጣ ሻጩ ከዓመታት በፊት ቤቱን በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ታይትል ካምፓኒ፣ ከአንድ ሟች ልጆች መግዛቱ ተገኘ። ከወራሾቹ የአንዷ ፊርማ የለም። ከሁሉም ይበልጥ የደነገጠው ሻጩ ራሱ ነበር፤ ያለ እርሷ ፊርማ ሙሉ ባለቤት ሳይሆን እዚያ ቤት ውስጥ ልጆች አሳድጓል። እህቲቱ በሌላ ስቴት ተገኝታለች፤ ድርሻዋ ተሰልቶ እንድትፈርም ንግግር ላይ ናቸው። ክሎዚንጉ ተራዝሟል፤ የወንድማችን ገንዘብ ግን እስካሁን በእጁ ነው።